ስለ ደሴ የምሠራው ዶክመንተሪ ለምን ዜና ዜና ይሸታል?

ጥያቄ፦ «ደሴ ተወልጄ ያደግኩ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነኝ። ከጦርነቱ በፊትም በዚሁ ሥራ ነበር የምተዳደረው። ከተማችን ከ2014 ወዲህ እንዴት እያገገመች እንደሆነ የሚያሳይ ዶክመንተሪ ጀምሬያለሁ። የተሰባበሩ ሱቆች፣ የሆስፒታሉና የዩኒቨርሲቲው ምስል አለኝ። ብዙ ሰውም አናግሬያለሁ። ኤዲት ሳደርገው ግን የቴሌቪዥን ዜና ይመስላል። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚያወራው። ተራኪ ላስገባበት? ሙዚቃስ? ሰውን ስጠይቅ ደግሞ ቁስሉን የምነካካ እየመሰለኝ እሳቀቃለሁ። ምን ይሻለኛል?»

ምላሽ፦

የሰርግ ቀራጭ መሆንህን እግረ መንገድህን ነክተህ አልፈኸዋል። የእኔ ዓይን ግን እዚያ ላይ ቀረ። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ለምን ዜና እንደሸተተብህ እንነጋገር።

ያናገርካቸው ሰዎች በሙሉ የሚያወሩት ስላለፈ ነገር ነው። በጥቅምት 2014 የሕወሓት ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ያዙ። ኅዳር 27 መንግሥት ከተሞቹን መልሶ መቆጣጠሩን አስታወቀ። በመሃሉ፣ ከወር በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ፣ የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ። ኮምቦልቻ የነበሩት የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘኖችም ተዘረፉ። ይህን ተመልካችህ ያውቀዋል። ያኔ የመጡት ጋዜጠኞችም ሰዉን የተሰበረ መስታወት ፊት አቁመው «ምን ደረሰባችሁ?» ብለውታል። ከዚያ የእርዳታ ድርጅት መጥቶ ጠየቀ። ከዚያ ጉዳት የሚያጠና ኮሚቴ መጥቶ ጠየቀ። ሰዉ መልሱን በቃሉ ይዞታል። አንድ ዓይነት የሆነብህ ሰዉ ስለማይለያይ አይደለም፤ ጥያቄው አንድ ስለሆነ ነው።

ማገገም ግን ያለፈ ነገር አይደለም፤ ገና አላለቀም። ስለዚህ ካሜራህን ማቆም ያለብህ መጨረሻው ያልታወቀ ነገር ያለበት ቦታ ነው። ጠዋት ያልታወቀው ማታ የሚታወቅበት፣ በሐምሌ ያልታወቀው በመስከረም የሚታወቅበት ቦታ ፈልግ።

ምሳሌ ልስጥህ። አንድ ልብስ ሰፊ እንውሰድ። በ2014 ሲንጀሩ ተወስዶበታል እንበል። አሁን በብድር ባገኛት መኪና ይሠራል። ይህን ሰው ቁጭ አድርገህ «ያኔ ምን ተሰማህ?» ብትለው የምታውቀውን መልስ ይሰጥሃል። ይልቅ ነሐሴ ላይ ሂድና ሥራውን ሲሠራ ቅረጸው። የዩኒፎርም ወቅት ነው። እናቶች ይመጣሉ። አንዷ አዲስ ታሰፋለች። ሌላዋ የአምናውን ቀሚስ ይዛ መጥታ «እጥፉን ፍታልኝ» ትለዋለች። ሰፊው ክሩን በምላጭ እየበጠሰ ያወጣል። የቀሚሱ ጫፍ ወደ ታች ይዘረጋል። ፀሐይና ሳሙና ያልነካው ጨርቅ ከሌላው ጠቆር ብሎ ይወጣል። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጫፉን ታየዋለች። እናቷ በዋጋው ትከራከራለች። በዚህች ሁለት ደቂቃ ውስጥ ልጅ አድጋለች፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ ቤት ውስጥ ገንዘብ አጥሯል፣ ሰፊውም ሥራ ይዟል። አንድም ሰው «አገግመናል» ወይም «አላገገምንም» አላለም።

አሁን ጨምርበት። ሰፊው ከጎረቤት ባለሱቆች ጋር እቁብ ይጥላል። ሁለተኛ መኪና የሚገዛው ዕጣው ሲወጣለት ነው። ዕጣ በሚወጣበት ቀን ሁሉ ተገኝ። ለሌላ ሰው ሲወጣ የእሱን ፊት ቅረጽ። ምናልባት አንዱ የእቁብ አባል ልጁ ታሞበት «የዘንድሮውን ዕጣ ልቀቅልኝ» ብሎ ሊለምነው ይመጣል። ይለቅለት ይሆን? እሱም አያውቅም፤ አንተም አታውቅም። ተመልካች ከወንበሩ የማይነሳው ለዚህ ነው።

ልብስ ሰፊ የግድ አይደለም። ሆስፒታሉን ከመረጥክ አንድ የተበላሸ መሣሪያ ተከተል። መለዋወጫው የት ደረሰ? እስኪመጣ ታካሚው የት ይላካል? ኮምቦልቻ መውረድ ከፈለግክ፣ በ2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ገብተህ ከኃላፊ ቃለ መጠይቅ አትልቀም። ፈረቃ ገብታ የምትወጣ አንዲት ሠራተኛ ምረጥና የተከራየችበት ክፍል ድረስ ተከተላት። ግን አንዱን ምረጥ፤ ቢበዛ ሁለት። ሆስፒታሉንም፣ ዩኒቨርሲቲውንም፣ ሙዚየሙንም፣ ፋብሪካውንም ልያዝ ካልክ ተመልሰህ እዚያው ዜናህ ውስጥ ነህ።

እሺ፣ ወደ ሰርጉ።

ከ2014 በፊት የቀረጽካቸው ሰርጎች የት ናቸው? ሃርድ ዲስኮቹ ተርፈው ከሆነ ማንም ጋዜጠኛ የሌለው ነገር በእጅህ አለ። ከአዲስ አበባ የመጣ ካሜራማን ያገኘው የፈረሰውን ብቻ ነው። አንተ ከመፍረሱ በፊት ያለው አለህ። ያውም ማንም ለታሪክ ብሎ ያልቀረጸው። የሙሽራው መኪና በፒያሳ ሲያልፍ በመስኮት ያነሳኸው መንገድ፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ ከኋላቸው የሚታየው የሱቅ ታፔላ፣ የሙሽሪት ቤት ሳሎን፣ ቡፌው ላይ የተደረደረው ብርጭቆ፣ ጓዳ ውስጥ ድስት የሚያማስሉ የጎረቤት ሴቶች፣ የሆቴሉ አዳራሽ። ያኔ «ይሄ አይረባም» ብለህ ከሰርጉ ቪዲዮ ያወጣኸው ቁራጭ ነው ዛሬ የሚፈለገው። ጥሬውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጠህ እየው። ከጀርባ የሚታየውን እየጻፍክ እይ፤ ሙሽሮቹን እርሳቸው።

ይህ የታሪክ መስመርም ይሰጥሃል። አንድ የሰርግ ቪዲዮ ይዘህ ወደ ባለቤቶቹ ቤት ሂድ። አብራችሁ እዩት። እነሱ ሲያዩ ቅረጻቸው። «ያ ሶፋ...» ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ምንም መጠየቅ አይጠበቅብህም። ስለ ዘረፋ ስታወራቸው ዝም ያሉ ሰዎች ስለ አንድ ቡፌ ሲያወሩ አይቻለሁ።

እዚህ ላይ ግን ሕግም ይሉኝታም አለ። ሙሽሮቹ የከፈሉህ ለሰርጋቸው ነው፤ ለዶክመንተሪ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ በአደባባይ ለተደረገ ነገርና ለታወቀ ሰው የተለየ ሁኔታ ይፈቅዳል። የሰው ሳሎን ግን አደባባይ አይደለም። ስለዚህ አዲስ ፈቃድ ጠይቅ፤ በጽሑፍ ይሁን። በቪዲዮው ውስጥ የሞተ ሰው ካለ ቤተሰቡን ሳታስጠነቅቅ ስክሪን ላይ አታውጣው። የተፋቱም ይኖራሉ፤ እሱንም አስብበት።

የሌላ ሰው ስልክ ላይ ያለ ቪዲዮ ስትሰበስብ «በቴሌግራም ላክልኝ» ብለህ ብቻ አትተው። እንደ ፋይል እንዲልኩልህ ንገራቸው። እንደ ተራ ቪዲዮ ከተላከ ጥራቱ ይወርዳል፣ መቼ እንደተቀረጸ የሚናገረው መረጃም ይጠፋል። ማን እንደቀረጸው፣ የት፣ መቼ የሚለውን ዕለቱኑ ጻፍ። በዚያ ወቅት የሌላ ከተማ ምስል «ደሴ ነው» ተብሎ ሲዞር እንደነበር አንተም ታውቃለህ።

ስለ መሳቀቅህ። መሳቀቅህ ደግ ነው፣ አይልቀቅህ። ግን መፍትሔው አለመጠየቅ አይደለም። ጥያቄህን ከዛሬ ጀምር። «ዛሬ ጠዋት ሱቁን ስንት ሰዓት ከፈቱ? ማን ዕቃ በዱቤ ሰጠዎት? አሁን የማይሸጡት ምን አለ?» በል። «የማይሸጡት ምን አለ» የምትለዋ ጥያቄ ራሷ ወደ 2014 ትወስዳቸዋለች፤ እነሱ በፈለጉበት ሰዓት፣ በፈለጉት መንገድ። መሄድ ካልፈለጉ ደግሞ አይሄዱም። እትዬ እገሌ ቡና እያፈሉ ሲያወሩህ ካሜራውን አስቀምጠህ አቦሉን ጠጣ። ወሎ ቤት ገብቶ ቡና ሳይጠጡ ካሜራ መደቀን ያስቀይማል፤ ይህን ለደሴ ልጅ አልነግርህም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ተናገር። ሰዉ ብዙ ጊዜ ተመዝግቧል። ካሜራና ወረቀት የያዘ ሰው ሲያይ «እርዳታ ሊመጣ ነው» ብሎ ያስባል። ስለዚህ መጀመሪያ ቃልህ «ጋሼ፣ እኔ ፊልም ነው የምሠራው፤ እርዳታ የለኝም፤ ስምዎንም ለማንም አልሰጥም» ይሁን። ለምስክርነት ገንዘብ አትክፈል። ከፍለህ የሰማኸው ታሪክ ለከፋይ የተስተካከለ ይሆናል። የትራንስፖርት መሸፈን ወይም የቀን ሥራው የተስተጓጎለበትን ሰው መካስ ሌላ ነገር ነው። እሱን ከቀረጻ በፊት ተነጋገሩበት እንጂ ማታ ላይ እጁ ውስጥ አትወትፍ።

የመደፈር ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ጉዳይ ከነካህ ፊት መሸፈን አይበቃም። ደሴ ትልቅ ከተማ ትምሰል እንጂ ሰፈሩ ይተዋወቃል። ጎረቤት በድምጿ ያውቃታል። በነጠላዋ ጥለት ያውቃታል። ከኋላዋ ባለው የበር ቀለም ያውቃታል። ቃሏን በጽሑፍ ተቀብለህ ሌላ ሰው እንዲያነበው ማድረግ ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን የምትከታተላት አማካሪ ወይም የጤና ባለሙያ አለች ወይ ብለህ ጠይቅ። ከሌለች ይህን ክፍል ተወው። ፊልምህ ያለሱም ይቆማል።

ተራኪ ላስገባ ወይ ላልከው፣ አታስገባ። ያ ወፍራም ድምጽ «የፍቅር ከተማዋ ደሴ...» ሲል ገና ስክሪኑ ሳይበራ ይሰማኛል። የሰርጉን ምስል የቀረጽከው አንተ ስለሆንክ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች በራስህ ድምጽ ማለት ትችላለህ። «ይህን የቀረጽኩት በ2011 ነው፤ ሙሽራው ጓደኛዬ ነበር» ዓይነት። ከዚያ ዝም።

ሌላም ፈተና አለ። ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን የደበደበው ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም እዚያው ነበሩ። የ2014ቱ ዜና የተነገረው ኅዳር 27 ነው። አንድ ቀን ብቻ! እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ ሲገኝ እጅ ያሳክካል። ለመግቢያ የሚያምር ይመስላል። ግን ስለ ሰፊው ምንም አይነግረንም። እሱን ለታሪክ መጽሔት ጻፈው።

ከታሪክ የሚጠቅምህ ሌላ ነው። በ1966 መጀመሪያ ላይ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም አሳየ። በዓመቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1967፣ ያው ምስል ከቤተ መንግሥት የድግስ ምስል ጋር ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ምስሉ ለረሃቡ ማስረጃ ሆኖ ተቀረጸ፤ ለአንድ መንግሥት መውረድ ማስረጃ ሆኖ ተቆረጠ። ሁለቱም ቆረጣ ላይ ምስሉ ውስጥ ያሉት ገበሬዎች የሚሉት ነገር አልነበረም። ያንተም ምስል እንዲሁ ሊሄድ ይችላል። ሪል አድርገህ የለቀቅካትን ሠላሳ ሰከንድ ነገ የማታውቀው ቻናል የራሱን ጽሑፍ ለጥፎባት ታገኛታለህ። ስለዚህ ፊልሙ ሳያልቅ ቁርጥራጭ አትልቀቅ። ፈቃድ ስትጠይቅም «ይህ ምስል ዩቲዩብ ላይ ወጥቶ ማንም ሊያየው ይችላል፤ ትግራይም፣ አዲስ አበባም፣ ውጭም» ብለህ ንገራቸው። ኤዲት ካለቀ በኋላ የራሳቸውን ክፍል አሳያቸውና ደግመህ ጠይቃቸው። ሐሳቡን የሚቀይር ሰው ይኖራል። ቀይሮ ከሆነ አውጣው።

ሙዚቃ። ባቲና አምባሰል በወሎ አገር ስም የሚጠሩ ቅኝቶች ናቸው፤ ስለዚህ ወሎ ሲባል ሁሉም ሰው ዋሽንት ይጎትታል። ፍርስራሽ ላይ አምባሰል ካስጮህክ ተመልካቹን «አልቅስ» እያልክ ማዘዝህ ነው። ቦታው ላይ ያለውን ድምጽ ተጠቀም። ከሱቁ ሬዲዮ የሚመጣው ዘፈን፣ ከጎረቤት ስፒከር የሚሰማው መንዙማ፣ ጎህ ሲቀድ አዛኑና ቅዳሴው ተከታትለው ሲሰሙ፣ የባጃጁ ጥሩምባ፣ የሲንጀሯ ድምጽ። ከሰርግ ቪዲዮው ውስጥ ያለው ጭፈራ ደግሞ አለልህ። ከእሱ ወደ ዝምተኛው ሱቅ ስትቆርጥ ምንም ዋሽንት አያስፈልግህም። የታወቀ ዘፋኝ ዘፈን ከጀርባ ከተሰማ ግን ባለመብቱን አስፈቅድ፤ የቅጂ መብት አዋጁ፣ 410/1996፣ አለ።

አሁን ወደ ብረቱ። ስለ ካሜራ ሞዴል አልጠየቅከኝም፣ ደስ ብሎኛል፤ የሰርግ ካሜራህ ይበቃል። በሰከንድ 25 ፍሬም ቅረጽ፣ የሻተሩን ፍጥነት 1/50 ሰከንድ አድርግ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉና ኤልኢዲው እንዳይርገበገብብህ ነው። የሰርግ ልማድህን ደግሞ እርግፍ አድርገህ ተው። ስሎው ሞሽን የለም። ጊምባል፣ ያን ካሜራ እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘውን እጀታ፣ ይዞ መዞር የለም። ትራይፖድ ላይ አቁመህ ጠብቅ። አንድ ሾት ከማቆምህ በፊት «በቃ» ካልክ በኋላ ትንሽ ቆይ። ጥሩው ነገር ብዙ ጊዜ ያኔ ነው የሚመጣው።

ብርሃኑን ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። የጦሳ ተራራ በስተምዕራብ ስለቆመ ፀሐይዋ ቶሎ ትሸፈናለች፤ የውጭ ቀረጻህን ከሰዓት በኋላ አታዝረክርከው። በክረምት ሐረጎ ላይ ጉሙ ሲወርድ ያምራል፣ አውቃለሁ፤ አንዴ ይበቃል። የበለጠ የሚያስቸግርህ ድምጽ ነው። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር ቃለ መጠይቅ አለቀ። ደረት ላይ የሚሰካ ማይክ ግዛ። ገንዘብ ካለህ ሌንስ ሳይሆን ማይክ ላይ አውጣው። በየቦታው ደግሞ ማንም ሳይናገር የክፍሉን ድምጽ አንድ ደቂቃ ቅዳ፤ ኤዲት ላይ ታመሰግነኛለህ።

በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ፎርኬ ካሜራ በሰዓት ወደ 45 ጊጋባይት ይበላል። ዓመት ሙሉ ከቀረጽክ አስበው። ሁለት ኮፒ ይኑርህ፣ ሁለቱ አንድ ቤት አይደሩ። አንዱ ከደሴ ውጭ ዘመድ ጋር ቢቀመጥ እመርጣለሁ። ለምን እንደሆነ ደሴ ለነበረ ሰው ማብራራት አያስፈልግም።

ድሮን ይቅርብህ። ያለ ፈቃድ ማስነሳት አይቻልም። ቢፈቀድም፣ በዚህ ክልል በዚህ ሰዓት የድሮን ድምጽ ሰው ላይ የሚያመጣውን ስሜት ታውቃለህ። የከተማዋ ሙሉ ገጽታ ከፈለግክ ትራይፖድ ይዘህ ጦሳ ላይ ውጣ። መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ሆስፒታልና ፋብሪካ ውስጥ ለመግባት ደብዳቤ ያስፈልግሃል። ኬላ፣ ወታደርና ድልድይ በአጋጣሚ እንኳ ፍሬም ውስጥ አታስገባ።

ይህን ካነሳሁ ስለ ርዕስህም ልበል። ክልሉ ውስጥ ከ2015 ክረምት ወዲህ ሌላ ግጭት አለ። ስለዚህ «ያገገመችው ከተማ» የሚል ርዕስ እንዳትሰጠው። እንዲያውም ሰዉ የሁለቱን ጊዜ ነገር እየቀላቀለ ሲያወራህ አታርመው። ሱቁ የተዘጋው በየትኛው ምክንያት እንደሆነ እሱ ራሱ መለየት ካቃተው፣ ያ አለመለየቱ የፊልምህ አንድ ክፍል ነው።

«ከተማችን» ስትል ማንን እንደሆነም ቁጭ ብለህ አስብበት። በ2013 ክረምት ከወልዲያና ከቆቦ በኩል የተፈናቀሉ ሰዎች የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞልተው ነበር። ከወራት በኋላ የደሴ ሰው ራሱ ተፈናቀለ። ከእነዚያ ተፈናቃዮች ደሴ የቀሩ አሉ? ትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤቶችህስ የት ደረሱ? በሰርግ ቪዲዮህ ውስጥ የነሱም ሰርግ ይኖራል። ይህን ጥያቄ ሳትነካ የምትሠራው ፊልም የሰፈርህን ሰው ደስ ያሰኘዋል፤ ሁሉን ያየ ግን አይባልም። እንዴት እንደምትነካው አንተው ታውቃለህ። እኔ የምለው፣ ዲስኩ ላይ ካለ አትዝለለው ነው።

ርዝመቱ? የመጀመሪያህ ስለሆነ ከሃያ አምስት እስከ አርባ ደቂቃ በቂ ነው። ቀረጻው ግን ከዘንድሮ ነሐሴ እስከ ከርሞ መስከረም ቢሄድ ነው የምመክረው፤ ሁለት የዩኒፎርም ወቅት ታገኛለህ፤ እቁቡም ይዞራል። በመሃል የሰርግ ሥራህን አታቁም፤ ፊልሙን የሚቀልበው እሱ ነው። ፌስቲቫል የማስገባት ሐሳብ ካለህ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ቀድመህ አትጫነው። ኢንተርኔት ላይ የወጣ ፊልም የማይቀበሉ ብዙ ናቸው። እስከዚያ እዚያው ደሴ፣ ለቀረጽካቸው ሰዎች አሳያቸው፤ አንድ ላፕቶፕና አንድ ስፒከር ይበቃል። ወንበር እንኳ ከእድሩ ትዋሳለህ።